መልኬ ስክሪኑ ላይ ለምን ሌላ ሆነ? በወሎ ስለምናሳየው መስተጋብራዊ ዲጂታል ጥበብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ከተማ ሦስት ሥራዎችን ይዘን ከአዳራሽ አዳራሽ ስንዞር ቆይተናል። ሦስቱም ካሜራ፣ ኮምፒውተርና ስክሪን አላቸው። ሦስቱም ሰው ፊታቸው እስኪቆም ድረስ ባዶ ናቸው። በር ላይ ቆሜ ዘወትር የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ግን ለዓመታት ሳወጣ ሳወርደው የኖርኩት ስለሆነ ይረዝማል።

ይህ ፊልም ነው፣ ፎቶ ነው ወይስ ጨዋታ?

ሦስቱንም ይመስላል፤ ከሦስቱ ግን አንዱም አይደለም። ፊልም ተመልካች ኖረም አልኖረም ይሄዳል። ፎቶ ከተነሣ በኋላ አይለወጥም። መስተጋብራዊ ሥራ ግን ሰው ካልገባበት አይጀምርም። የሠዓሊው ድርሻ ሕጉን መሥራት ነው፤ ሰው እጁን ሲያነሣ ይህ ይሁን፣ ዝም ብሎ ሲቆም ያ ይሁን ብሎ ይደነግጋል። ምስሉን የሚሞላው ጎብኚው ነው። የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መንዙማ ላይ መሪው ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፤ ተቀባይ ከሌለ ግጥሙ ቢያምርም መንዙማው ጎደሎ ነው።

የምታሳዩአቸው ሦስት ሥራዎች ምንድን ናቸው?

የመጀመሪያው የዘገየ መስታወት ነው። በሰው ቁመት ልክ የቆመ ስክሪን ፊት ይቆማሉ፤ ነገር ግን የሚያዩት አሁን ያሉትን ሳይሆን ከ8 ሰከንድ በፊት የነበሩትን ነው።

ሁለተኛው የጥላ ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ይቆማሉ፤ ጥላቸው ግን አንድ ግድግዳ ላይ ይገናኛል። ፊት፣ ልብስ፣ ዕድሜ አይታይም።

ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚያሳምር ስክሪን ነው። ፊትዎን ያሳያል፤ ከዚያ በየሰከንዱ በጥቂት በጥቂቱ ቆዳዎን ያለሰልሳል፣ ያፈካል፣ አገጭዎን ያቀጥናል። ለውጡ አዝጋሚ ስለሆነ አይታወቅም። አንድ ደቂቃ ሲሞላ የፊትዎን ግማሽ ወደ እውነተኛው ይመልሰዋል፤ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። በዚያች ቅጽበት ብዙ ሰው እጁን ወደ ጉንጩ ይሰድዳል። የሚዳስሰው ደግሞ የተመለሰውን፣ የራሱን ጉንጭ ነው፤ የሆነ ነገር የነካው ይመስል።

8 ሰከንድ መዘግየት ምን ይጠቅማል? ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ይህን ሐሳብ ያገኘነው ከአሜሪካዊው ሠዓሊ ዳን ግራሃም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ካሜራና ቴሌቪዥን ባላቸው ክፍሎች ምስልን በ8 ሰከንድ እያዘገየ ሰዎችን ከራሳቸው የቅርብ ትናንት ጋር አገናኝቷል።

ጥቅሙን ለማስረዳት ከኩታበር ለገበያ የመጡ አንዲት እናትን ላንሣ። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ስክሪኑ ላይ ባዶ ግድግዳ ብቻ ይታያል። ቆም አሉ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው አፋቸው ላይ ጣል አደረጉና እጃቸውን አወረዱ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ አንዲት አሮጊት በጎን ገብተው ቆሙ፤ ነጠላቸውንም አነሡ።

“ይቺ እናቴ ናት” አሉ።

“እርስዎ ነዎት እኮ እማማ” አልኳቸው።

“እኔማ ይኸው እዚህ ቆሜያለሁ። ነጠላ አጣጣሏ የእናቴ ነው።”

ረጅም ጊዜ ቆሙ። ሲወጡም ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩ ነበር፤ ስክሪኑም እርሳቸው ከወጡ በኋላ ለ8 ሰከንድ ያህል ሲወጡ ያሳያቸው ነበር። መስታወት ፊት ሁላችንም ተዘጋጅተን ነው የምንቆመው፤ ከንፈራችንን እናስተካክላለን፣ አንገታችንን ቀና እናደርጋለን። የዘገየው መስታወት ይህን ዝግጅት ይነጥቀናል። ምስሉ ሲደርስ እኛ ሌላ ቦታ ነን፤ ስለዚህ ራሳችንን ሌላ ሰው እንደሚያየን እናየዋለን። እኚያ እናት በ8 ሰከንድ ውስጥ ያዩትን ፎቶ ቤት ተቀምጠው በተነሡት ጉርድ ፎቶ ላይ አያገኙትም።

ፊቴን ስልኬ ላይ ሳየው ለምን ጠማማ ይመስለኛል? አፍንጫዬስ?

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው። የሚጠይቁኝም በተለይ ወጣቶች ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስለዚህ ሳልቸኩል ልመልስ።

አንደኛው ምክንያት ግራና ቀኝ ነው። ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያውቁት ፊት መስታወት ውስጥ ያለው፣ የተገለበጠው ነው። ስልክ የፊት ካሜራውን ሲከፍቱ እንደ መስታወት ያሳይዎታል፤ ብዙ ስልክ ፎቶውን ሲያስቀምጠው ግን ይመልሰዋል። የማንም ሰው ፊት ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል ስላልሆነ የተመለሰው ፎቶ ባዕድ ይሆንብዎታል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ሰዎች ከሁለት የራሳቸው ፎቶዎች የመስታወቱን ዓይነት መረጡ፤ የቅርብ ወዳጆቻቸው ደግሞ ያልተገለበጠውን። ሁሉም የመረጠው የለመደውን ነው። እንግዲህ “ፎቶ ላይ አስቀያሚ ነኝ” ሲሉ፣ እናትዎ በየቀኑ የምታየውንና የምትወደውን ፊት ነው አስቀያሚ ያሉት።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ስልክ በእጅ ተይዞ ሲነሣ ከፊት ጋር ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። አፍንጫ ደግሞ ከፊት ሁሉ ወደ ካሜራው የቀረበው ክፍል ስለሆነ ይገዝፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ስሌት ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ አፍንጫ በስፋቱ 30 በመቶ ያህል ገዝፎ እንደሚታይ አመልክቷል። አፍንጫዎ አልተለወጠም፤ ክንድዎ አጭር ነው። ስልኩን አንድ ቦታ አስደግፈው ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይራቁና ያንሡ፤ ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል።

ሦስተኛው ማሳመሪያው ነው። አንዳንድ ስልኮች ከካርቶናቸው ሲወጡ ጀምሮ ፊትን የሚያለሰልስና የሚያቀላ ማስተካከያ ተከፍቶባቸው ይመጣሉ። ባለቤቱ ሳያውቀው ለወራት የተለወጠ ፊት ሲያይ ይኖራል፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ሲቆም ይከፋዋል። ሦስተኛውን ሥራችንን የሠራሁት በዚህ ምክንያት ነው። በቅድሚያ የካሜራዎን ማስተካከያ ከፍተው ይዩት፤ ብዙ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋው።

እንዲህ ያለ ሥራ ለምን ወሎ ላይ? አዲስ አበባ አይሻልም ነበር?

ወሎ መልኩ የተዘፈነለት አገር ስለሆነ። “የወሎ ቆንጆ” የሚለውን ያልዘፈነ ዘፋኝ ማን አለ? ባቲና አምባሰል የቦታ ስም ብቻ ሳይሆኑ የቅኝት ስም ናቸው፤ በእነዚህ ቅኝቶች ዓይኗ፣ አንገቷ፣ ጥርሷ ሲወደስ ትውልድ አልፏል። ይህ ክብር ነው፤ እኔም ሳደምጠው ልቤ ይሞላል። ግን ክብሩን የምትሸከመው ሴት ምን ይሰማታል ብለን አንጠይቅም።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛው ስክሪን ፊት ከቆመች በኋላ የነገረችኝን አልረሳውም። ሌላ ከተማ ሄዳ “የደሴ ልጅ ነኝ” ስትል ሰዎች ዝም ብለው አያልፉም፤ ቀና ብለው ፊቷን ይፈትሻሉ። “ፈተና እንደምፈተን ነው የምቆመው። ፎቶ ስለጥፍም ሳላስተካክል አልለጥፍም፤ ወሎን የማሰድብ ይመስለኛል” አለችኝ። በዘፈኑ ውስጥ የተወደሰችውን ሴት ማንም አላያትም፤ ገጣሚው በቃል ነው የሳላት፣ አድማጩም በየልቡ የየራሱን ይስላል። ስክሪን ግን ለአድማጩ የሚተወው ቦታ የለውም፤ አንድ መልክ ቆርጦ ያቀርባል፣ ሌላውን በዚያ ይለካል። ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ የወሎ ልጅ ልትናገርበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ጥበብ ማን ጀመረው?

አንድ ጀማሪ የለውም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ብሩስ ናውማን እ.ኤ.አ. በ1970 ስፋቱ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ጠባብ መተላለፊያ ሠራ። መጨረሻው ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ካሜራው ግን ከመግቢያው በላይ ከኋላ ነው። ወደ ምስልዎ በቀረቡ ቁጥር ጀርባዎን ያያሉ፣ እያነሱም ይሄዳሉ። ኮሪያ የተወለደው ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1974 የቡድሃን ሐውልት ካሜራና ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ፤ ሐውልቱ ራሱን ሲመለከት ይኖራል።

የጥላ ክፍላችን አባት አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሠዓሊ ማይረን ክሩገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በጀመረው ቪዲዮፕሌስ በተባለ ሥራው፣ በተለያየ ክፍል ያሉ ሰዎችን ጥላ ስክሪን ላይ አገናኘ። ሰዎች የጥላቸው እጅ ከሌላ ሰው ጥላ ጋር ሲነካካ እውነተኛ እጃቸውን ሸሸት ያደርጉ ነበር። እኛም ዘንድ በየቀኑ ይሆናል። ሐይቅ ከተማ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጥላቸው ሲነካካ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ከዚያ አንደኛው ቀስ ብሎ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ።

መስታወት ሁሉ ስክሪን መሆን አለበት?

በፍጹም። እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ስክሪን የሌለው መስታወት ነው። ሠዓሊው ዳንኤል ሮዚን እ.ኤ.አ. በ1999 ከ830 የእንጨት ቁራጮች መስታወት ሠራ። እያንዳንዱ ቁራጭ ከኋላው ትንሽ ሞተር አለው። መብራት ከላይ ይወርዳል፤ ቁራጩ ወደ ላይ ሲያዘነብል ይበራል፣ ወደ ታች ሲያዘነብል ይጨልማል። መሐሉ ላይ ያለ ካሜራ ያይዎታል፣ ኮምፒውተሩ ለ830ዎቹ ያዝዛል፤ እንጨቱም እርስዎን ይመስላል። ሲንቀሳቀሱ ድምፅ ያሰማል።

ሰው በ830 ነጥብ ብቻ ተሠርቶ ጓደኛው ያውቀዋል። ስልክ ፊታችንን ለማሳየት በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ ይጠቀማል፤ እኛ ከዚያ ውስጥ አንዲት ብጉር ፈልገን እናዝናለን። ሮዚን በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ከ768 የታጠፉ ቁራጮች ሽምን የሚመስል መስታወት ሠርቷል። ያን ሳይ ትዝ ያለኝ የእናቴ ስፌት ነው። በስንደዶና በአክርማ የሚሠራ፣ እየዞረ የሰውን ፊት የሚያወጣ መስታወት መሥራት እፈልጋለሁ። ከሁለት ስፌት ሠሪ እናቶች ጋር እየሞከርን ነው፤ ሞተሩ ክብደቱን አልቻለውም እንጂ ቀለሙ በጣም ያምራል።

ካሜራው ጓደኛዬን አገኘው፣ እኔን ግን አላገኘኝም። ለምን?

ሦስተኛውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየን ዕለት ይህ ደርሷል። አንድ ጠቆር ያለ ወጣት ስክሪኑ ፊት ቆመ፤ ምንም የለም። ቀላ ያለው ጓደኛው ሲቆም ወዲያው ሠራ። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ወጣ፤ እኔ ግን ያን ቀን ሥራውን ዘጋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊትን በፍጥነት የሚያገኘውና ለብዙ ዓመታት በየካሜራው የሠራው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 በፖል ቪዮላና በማይክል ጆንስ የቀረበው ነው። ኮምፒውተሩ ማንነትዎን አያውቅም፤ የሚፈልገው የብርሃንና የጥላ ሥርዓት ነው፦ የዓይን አካባቢ ከጉንጭ ይጨልማል፣ የአፍንጫ አጥንት ከሁለቱ ዓይኖች ይልቅ ይበራል። ብርሃኑ ከኋላ ከመጣ ወይም የጠቆረ ቆዳ በደካማ መብራት ከታየ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ፊቱም ለማሽኑ “የለም” ይሆናል። ዘመናዊዎቹ ዘዴዎች ደግሞ በፎቶ ክምችት ይማራሉ፤ ክምችቱ ውስጥ የኛ ዓይነት ፊት ከሌለ አይማሩትም።

ይህን ጉዳይ ለዓለም ያወጡት ሁለት ጥቁር ሴቶች ናቸው። ጆይ ቡኦላምዊኒ ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ፊትን ወደ ሌላ ምስል የሚለውጥ መስታወት ትሠራ ነበር፤ ልክ እንደኛው ሥራ ማለት ነው። ካሜራው ያገኛት ነጭ ጭንብል ስታጠልቅ ብቻ ነበር። ከዚያም አዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው ከትምኒት ገብሩ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ጾታን ከፊት የሚለዩ የንግድ ሥርዓቶች በጠቆሩ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ በቀላ ያሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ እንደማይበልጥ አሳዩ።

ይህን ሳስብ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመጣብኛል። የጥንቱ ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይሥለዋል፤ ክፉውን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንን ሙሉ አድርገን እንደምናይ የሚወስን ሕግ ነው፤ ሠዓሊውም ሕጉን ያውቀዋል፣ ምእመኑም ያውቀዋል። ካሜራውም ሕግ አለው፤ ሁለቱን ዓይን ካላየ ብዙ ጊዜ ሰው መኖሩን ይክዳል። ልዩነቱ የካሜራውን ሕግ ማን እንደጻፈው ለወጣቱ ማንም አለመንገሩ ነው።

አሁን ከግራና ከቀኝ በነጭ ጨርቅ የለዘበ መብራት አድርገናል፣ ፕሮግራሙንም ቀይረናል፣ በሩን ከመክፈታችን በፊትም የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው ሰዎች እንፈትሻለን። አሁንም ካላገኘዎ እባክዎን ይንገሩን። ጥፋቱ የፊትዎ አይደለም።

ምስሌ ይቀመጣል? ኒቃብ ለባሽ ነኝ፤ መግባት እችላለሁ?

አይቀመጥም። የዘገየው መስታወት በሰከንድ 30 ምስል ስለሚያነሣ 8 ሰከንድ ማለት 240 ምስል ነው። 241ኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይጠፋል። ይህ ሁሉ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ብቻ ስለሚሆን ማሽኑ ሲዘጋ ምንም አይተርፍም። ከኢንተርኔት ጋርም አናገናኘውም። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የሰው ፊት የግል መረጃ ነው። እኛ ግን አዋጁ ባይኖርም እንዲሁ እናደርግ ነበር።

ኒቃብ ለለበሱ እህቶች የጥላ ክፍሉ ፊት አይፈልግም፤ የዘገየው መስታወትም እንዲሁ። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓትም አለን፤ ያን ጊዜ በር ላይ የምትቆመው ባልደረባዬ ናት። ምስል በእምነት በኩል እንዴት ይታያል ለሚለው፣ መልሱ ከሼኾችና ከካህናት እንጂ ከእኔ አይገኝም።

ሕፃናት ይገባሉ?

ወደ ጥላ ክፍሉ አዎ፣ ደስ እያላቸው። ቀስ ብሎ የሚያሳምረውን ስክሪን ግን ከ14 ዓመት በታች ላሉ አናሳይም። ውሳኔው የእኔ ነው፤ ልጅ ገና ያላወቀውን ፊቱን አሳምሬ ላሳየው አልፈልግም።

መብራት ሲጠፋስ?

እንጠብቃለን። ኮምፒውተሩንና ፕሮጀክተሩን መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ (ዩፒኤስ) ጋር እናገናኛለን፤ አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ድንገት ከጠፋ ማቀዝቀዣው ስለሚቆም የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሰዎቹ አልወጡም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ በበሩ ብርሃን ደብዘዝ ብለው ይታዩ ነበርና ፊታቸውን እያዩ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ሆን ብለን እናጠፋዋለን።

እኔም መሥራት እፈልጋለሁ። በምን ልጀምር?

ካሜራ ባለው ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ። ፕሮሰሲንግ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2001 በኬሲ ሪስና በቤን ፍራይ የተጀመረው ለሠዓሊዎች ተብሎ ነው፤ ነፃ ነው፣ አንድ ጊዜ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፒ ፋይቭ የተባለው ታናሹ ደግሞ በኢንተርኔት መክፈቻው ውስጥ ይሠራል።

በመጀመሪያው ቀን የካሜራውን ምስል ስክሪን ላይ ያውጡ። በሁለተኛው ቀን ግራና ቀኙን ይገልብጡት። በሦስተኛው ቀን ባዶውን ክፍል አንድ ጊዜ ያንሡና የተለወጠውን ነጥብ ብቻ ጥቁር አድርገው ያሳዩ፤ ጥላዎን ያገኙታል። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለን ሰው ይጥሩና እርስዎ ዝም ይበሉ። ምን እንደሚያይ አይንገሩት፤ እጁ የት እንደሚሄድ ብቻ ይዩ።